ከአጥሩ ውጭ ያለችው ጎንደርስ?

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣
ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣
የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል፣
እንዲሁም ቤት ለሚያፈርሰውም ለሚሠራውም የጎንደር ሰው ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ፋሲል ግንብ አይደለም። ለእሱ የሚቆረቆር ብዙ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጥበቃ አለው፣ ትኬት ቆራጭ አለው፣ አስጎብኚ አለው። በቅርቡም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ነጣብን ብለው ቅር የተሰኙ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ብዙም አልተከፋሁም። ኖራ አዲስ ሲሆን ይነጣል። ጥቂት ክረምት ሲወርድበት ይጠቁራል፣ ድንጋዩን መምሰል ይጀምራል። እሱን ለጊዜው እንተወው።

የሚያሳስበኝ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው። ዙሪያው ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል የሆነው የግቢ አጥር ሲያልቅ ጎንደር አታልቅም። እጨጌ ቤት አለ። አቡን ቤት አለ። አዲስ ዓለም፣ ቅዳሜ ገበያ፣ አራዳ፣ ፒያሳ፣ አውቶ ፓርኮ አሉ። እዚያ ያሉት የድንጋይ ቤቶች፣ የእንጨት ሰገነቶች፣ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ትኬት አይቆረጥባቸውም። ስለዚህ የሚቆጥራቸው የለም። አንዱ ሲፈርስ ዜና አይሆንም። ጠዋት ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ከሰዓት ድንጋዩ በገልባጭ መኪና ይጫናል። ከዚያ ብሎኬት ይራገፋል፣ ፌሮ ይቆማል። ዓመት ሳይሞላ መስታወት የለበሰ ፎቅ ይወጣል። ያው ፎቅ ሐዋሳም አለ፣ አዳማም አለ፣ ናይሮቢም ዱባይም አለ።

ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ሌላ ቤት ከመፍረሱ በፊት፣ የትኛው ቤት ምን እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ይውጣ። ዝርዝሩም ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህን ለምን እንደምጠይቅ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ፣ የውጭ ነገር አይግባ የምል ሰው አድርጋችሁ እንዳትወስዱኝ። ጎንደር ውስጥ ቆሞ እንዲህ ማለት ያሳፍራል። ከተማችን ራሷ የብዙ አገር እጅ አለባት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን እዚህ ሲተክሉ ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም ከአውሮፓ የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ካስወጡ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ሰዎቹ ሄዱ፤ ያሳዩት የአሠራር ብልሃት ግን ቀረ። አጥኚዎች በግንቦቹ ላይ የሕንድም የዓረብም ፈለግ ያያሉ። ከፋሲል በፊትም አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አስገንብተዋል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰማይ የወረደ፣ ከማንም ያልተዋሰ ነገር የለንም።

ልዩነቱ የመጣው ነገር እዚህ ሲደርስ ጎንደሬ መሆኑ ነው። ድንጋዩ ከዚሁ ተራራ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። የመስኮቱና የበሩ ቅስት በቀይ ድንጋይ ተከፈፈ። በየማዕዘኑ ክብ ማማ ቆመ፣ በላዩም እንቁላል መሰል ጉልላት ተደፋበት። ጠራቢውና ግንበኛው የአገሩ ሰው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ቤተ እስራኤል ግንበኞች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይታወቃል። ወለቃ ላይ የሸክላ ምስል ይሠሩ የነበሩት፣ ኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል የሄዱት ሰዎች አያቶች ማለት ነው። ይህን በየትኛው ሰሌዳ ላይ ጽፈነዋል? ለነገሩ እሱም ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ግቢው አንድ ጊዜ ልመልሳችሁ። ቅድም ስለ ግንቡ አልጽፍም ብያለሁ፤ ይቅርታ፣ ለአንድ ነገር ያስፈልገኛል። ግቢው ውስጥ አንድ ቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም ያለው። የፋሲል ግንብ አለ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ አለ። የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋ ግንብ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ነጋሢ በነጋሢ ሲተካ የፋሲልን አፍርሶ የራሱን ያቆመ የለም። ኢያሱ ከአያቱ የበለጠ ያማረ ቤት ፈለጉ፤ ጎን ሠሩ። ምንትዋብም እንዲሁ። ኋላ ደግሞ ቁስቋም ወጥተው ሌላ ግቢ ከተሙ። ሥልጣን ነበራቸው፣ ጉልበት ነበራቸው፣ ድንጋዩንም ከፋሲል ግንብ ነቅሎ መውሰድ ይቀላቸው ነበር። አላደረጉትም።

እኛ ዛሬ አዲስ ነገር ስንፈልግ ቀድሞ የሚመጣልን ማፍረስ ነው። ይህን ከማን እንደተማርነው አላውቅም። ከእነሱ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሌላም አለ። የግቢው አጥር አሥራ ሁለት በሮች አሉት። ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር እያለ ይቀጥላል። ስሞቹን ልብ በሉ። ዳኛው የሚገባበት አለ። እምቢልታ ነፊው፣ የፈረሰኛው አለቃ፣ ለተዝካር የሚመጣው ሰው የየራሱ በር አለው። በር የሚሠራው ለሚገባና ለሚወጣ ነው። ግንቡ ከሰፈሩ ጋር እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ ነው ማለት ነው። በአጠገቡ የእጨጌው ሰፈር ነበር፤ ጥፋተኛ እንኳ ሮጦ የሚማጸንበት። የአቡኑ ሰፈር ነበር። የሙስሊሙ ነጋዴ ሰፈር ነበር። አሁን አጥሩን ብቻ ጠብቀን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ብንቀይረው በሮቹ ወዴት የሚያወጡ በሮች ሊሆኑ ነው?

እንግዲህ ወደ መስታወቱ ልምጣ። አዳዲሶቹን ፎቆች የማልወዳቸው ዘመናዊ ስለሆኑ አይደለም። የትም ቦታ ያሉ ስለሆኑ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊት ይበርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይህን ያውቀዋል። ቀን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። የመስታወት ፎቅ ግን ከሰዓት በኋላ ያቃጥላል። ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋና መብራት ያበራል። መስታወት ያስገባነው ብርሃን ፈልገን አልነበረም እንዴ? መብራት ሲሄድ ደግሞ ያውና፣ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው። የፊቱ ልባስ ከውጭ ይመጣል፣ በዶላር። ድንጋዩ ግን እዚሁ ነው፤ ጠራቢውም ሥራ አጥቶ መንገድ ዳር ተቀምጧል።

ከመስታወቱ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ሌላው ነው። የውሸት ፋሲል። አይታችሁታል። የሆቴል በር ላይ፣ የካፌ ጣሪያ ላይ፣ የመኖሪያ ቤት አጥር ላይ፣ በአርማታ የተሠራ ጥርስ ጥርስ ያለው ግንብ መሰል ጌጥ። በላዩ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ በነጭ መስመር የድንጋይ መጋጠሚያ ይሳልበታል። አሳዛኙ ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ጌጥ የሚቆመው እውነተኛው የድንጋይ ቤት በፈረሰበት ቦታ ላይ ነው። ሠሪው ክፉ አስቦ አይደለም። ጎንደርን የወደደ መስሎታል። ፈቃድ ሰጪውም "ባህላዊ ይዘት አለው" ብሎ ፈርሞለት ይሆናል። የጎንደር አሠራር ግን ጌጥ አይደለም። የግድግዳው ውፍረት ነው። ሰው በቅርብ ካለው ነገር መሥራቱ ነው። መስኮቱ ለፀሐዩና ለነፋሱ ተመጥኖ መቀመጡ ነው። ጥርስ የሌለው፣ ማማ የሌለው፣ ግን በአካባቢው ድንጋይ በወጉ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ ከእነዚያ ሁሉ ይበልጥ ጎንደሬ ነው። በፈቃድ መመሪያችሁ ላይ ስለ ጌጥ አንድ መስመር ካለ አውጡልንና ስለ ግድግዳና ስለ ቁመት አሥር መስመር ጻፉልን።

ስለ ቁመት ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ነገር ለከተማችን ክብር ብቻ አይደለም። የድሬስደን ሸለቆ ጀርመን ውስጥ የዓለም ቅርስ ነበር። ባለ አራት መስመር ድልድይ ሠሩበትና እ.ኤ.አ. በ2009 ከመዝገቡ ተሰረዘ። የእንግሊዟ ሊቨርፑልም በ2021 ተሰርዛለች። የሊቨርፑል አሮጌ ሕንፃዎች ሁሉ ፈርሰው አይደለም። በወደቡ ዙሪያ የተፈቀደው አዲስ ግንባታ የቦታውን መልክ አበላሽቷል ተብሎ ነው። ማለትም ግንቡን አቅፎ መቀመጥ ብቻ አያድንም። ከግንቡ ላይ ሆነህ የምታየው፣ ወደ ግንቡም ስትመጣ የምታየው ሁሉ ይቆጠራል። ለዚህ ነው በፈር ዞን የሚባለው፣ በቅርሱ ዙሪያ ግንባታ የሚገደብበት ክልል ያስፈለገው። የእኛው በፈር ዞን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ በውስጡም ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁት። አያውቅም። ያልተነገረውን ሕግ ጣሰ ብሎ ሰውን መክሰስ ደግሞ አይቻልም።

አሁን ብዙ ሰው ከሚነጋገርበት ይልቅ ብዙም ወደማይወራበት ልግባ። የቀበሌ ቤት።

በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የባለ ብዙ ቤቶች ንብረት ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። የአዋጁን ፍትሕ ሌላ ሰው ይከራከርበት። እኔ የማየው ውጤቱን ነው። ኪራዩ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተተመነ፣ የአንድ ቡና ዋጋ የማይሞላ ነው። በዚያ ገንዘብ ቀበሌው አንድ ቆርቆሮ መግዛት አይችልም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይፈልግም። ቢፈልግም ፈቃድ ይጠየቃል። እኔ ያደግሁትም እንዲህ ባለ ቤት ነው። ጣሪያው ሲያፈስ አባቴ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ አስገባ። "ይታያል" ተባለ። ክረምት ገባ። አባቴ ላስቲክ አለበሰው። ማመልከቻው እስከ ዛሬ አንዱ ፋይል ውስጥ እየታየ ይሆናል።

እንዲህ ነው ጥሩ ቤት የሚሞተው። መጀመሪያ ጣሪያው ይሄዳል። ጣሪያ ሲሄድ ውሃ በግድግዳው አናት ይገባል። በድንጋዩ መካከል ያለው ጭቃ ወይም ኖራ ይታጠባል። ከዚያ ሳር ይበቅልበታል። ቀጥሎ ወርካው ሥር ይሰዳል። ከዓመታት በኋላ ባለሙያ መጥቶ አይቶ "ለነዋሪው አደገኛ ነው፣ ይፍረስ" ይላል። እውነቱን ነው፤ አደገኛ ሆኗል። ግን ማነው አደገኛ ያደረገው? ወቅቱን ጠብቆ አንድ ቆርቆሮ ቢቀየርለት ኖሮ ገና መቶ ዓመት ይቆም ነበር።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። ተከራዩ ጣሪያውን በራሱ ወጪ ልቀይር ሲል በቀናት ውስጥ መልስ ይሰጠው። ያወጣው ገንዘብ ከኪራዩ ይታሰብለት። በዝርዝሩ ውስጥ የገባ ቤት ከሆነ ደግሞ ከተማው ቆርቆሮና እንጨት ያግዘው። ሰው ነገ አስወጡኝ ብሎ ካልፈራ ቤቱን ይንከባከባል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

የግል ባለቤቶችንም ልርሳቸው አልችልም። አያቱ ያወረሱት የድንጋይ ቤት ላይ የተቀመጠ ሰው ሆዱ ቅርስ አይበላም። መሬቱ ብዙ ያወጣል። ገዢ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ሲቆጥርለት እኔ ሄጄ "ታሪክ ነው፣ አትሽጥ" ብለው ሳቅ ብሎ ነው የሚሸኘኝ። ልክም ነው። ስለዚህ የሚበላ ነገር ይቅረብለት። የፊት ለፊቱን ቤት ከጠበቀ ከኋላ ጓሮው ላይ እንዲገነባ ይፈቀድለት። ግብር ይቅለልለት። ቤቱን ለእንግዳ ማሳረፊያ ላድርገው ሲል ፈቃዱ አያንገላታው። ሐረር ጁገል ውስጥ ይህን ሠርተውታል። ባህላዊውን የሐረሪ ቤት ከነመደቡ ከነስፌቱ ጠብቀው እንግዳ ያሳድሩበታል። ገቢ አለው፣ ቤቱም ቆሟል። የእኛ ከተማ በጥምቀት ሰሞን አልጋ ጠፍቶ ሰው መኪና ውስጥ የሚያድርባት ከተማ ናት። እንግዳው እኮ የሚመጣው ሻወርና ዋይፋይ ብቻ ፈልጎ አይደለም። እሱንማ የትም ያገኘዋል።

ፒያሳን በተመለከተ ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። "የጣሊያን ቤት ነው፣ የወራሪ ነው፣ ቢፈርስ ምን ይጎዳል" ይላሉ። ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ በዙሪያቸው ያሉትን ክብ ማዕዘን ሕንፃዎች ማለታቸው ነው። ንዴታቸው ይገባኛል። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባለው አርክቴክት በወረራው ዘመን የነደፈው የጎንደር ፕላን ነጭንና ጥቁርን ለያይቶ ለማኖር የታሰበ ነበር። ግን ጎንደር የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት። በ1934 ዓ.ም.። ከዚያ በኋላ ፒያሳ የእኛ ሆነ። ደብዳቤ የላክንበት፣ ፊልም ያየንበት፣ የተቃጠርንበት ሰማንያ ዓመት ጣሊያን ከቆየባት አምስት ዓመት ይበልጣል። ጎረቤታችን አስመራም ይህንኑ የመሰለ ሕንፃ ጠብቃ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባበታለች። እኛ ደግሞ ከሁለቱም ዘመን፣ ከፋሲልም ከጣሊያንም፣ በእግር አምስት ደቂቃ ልዩነት ላይ ይዘናል። ይህ ያላቸው ከተሞች ብዙ አይደሉም።

ስለ ኮሪደር ልማቱም ዝም ብዬ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። መልካሙን ላንሳ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ማታ መብራት አለ። እናቶች ሳይደናቀፉ ይሄዳሉ። ይህን የሚጠላ የለም። ስጋቴ ፍጥነቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሰው ስለ ቤቶቹ ማውራት የጀመረው ከፈረሱ በኋላ ነበር። ፎቶ ፍለጋ ተሯሯጠ። ዝርዝር ቀድሞ ቢኖር ክርክሩ ቢያንስ በቆመ ቤት ላይ ይሆን ነበር። እኛ ገና ጊዜ አለን። በየአስፋልቱ ዳር ያሉትን ሱቆች አንድ ዓይነት ቀለም መቀባት፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ መስቀልም ቀስ ቢባል ጥሩ ነው። የአራዳ ሱቅ የአራዳ ሱቅ፣ የአዲስ ዓለም ሱቅ የአዲስ ዓለም ሱቅ ይምሰል።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በመልካም ልብ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ የድንጋይ ቤት በሲሚንቶ አይጠገንም። ሲሚንቶ ደረቅ ነው፣ ውሃ አያስተነፍስም። ኖራ ግን እርጥበቱን ያስወጣል፣ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ግድግዳ ውጩ ያማረ ይመስላል። ከውስጥ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ድንጋዩንና ማያያዣውን ይበላዋል። ግቢው ራሱ ይህን አይቷል። በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተጠገነው ክፍል ኋላ ላይ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። ያ ሁሉ ድካም ሁለት ጊዜ ተደከመ ማለት ነው። ኖራ ጊዜ ይፈልጋል። ይነከራል፣ ይበርዳል፣ ይቦካል። የሚያውቀው ግንበኛ እጅ ላይ ያለ ሙያ ነው። በቅርቡ እድሳት ላይ የዋሉ እጆች እዚሁ ከተማ አሉ። ሥራው አለቀ ተብሎ ወደ ብሎኬት ድርደራ ከመሄዳቸው በፊት ያዙልን። በየሰፈሩ አንድ አንድ ቤት ስጧቸው። ወጣት አብሯቸው ይሥራ። ቴክኒክና ሙያው ውስጥ ኖራና ድንጋይ እንደ አንድ ሙያ ይሰጥ።

ሕጉ የለም እንዳንል ሕጉ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ለማደስ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ችግሩ ሌላ ነው። በተግባር አዋጁ የሚሠራው በስም ለታወቀው ነው። እጨጌ ቤት ውስጥ ያለች ሰገነት ያላት የድንጋይ ቤት በየትም መዝገብ ካልገባች እንደሌለች ትቆጠራለች። አፍራሹን መያዝ ያስቸግራል። ፈቃድ ሰጪውም "ቅርስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ቢል አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ዝርዝር የምለው።

ጎንደር በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ አቃጥለዋታል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ አቃጥሏታል። የምድር መንቀጥቀጥ መትቷታል፣ በነፃነቱ ጦርነት ከሰማይ ቦምብ ወርዶባታል። ከዚያ ሁሉ የተረፈውን ነው አሁን በፈቃድ ወረቀት የምናወርደው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከድርቡሽ ያዳነው ንብ ነው ይባላል። ለእጨጌ ቤት ንብ አትመጣም፤ ወረቀት ነው የሚያስፈልጋት።

ሥራው ከባድ አይደለም። በአንድ ሰፈር ይጀመር፤ እጨጌ ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ ነው፣ ጫናም በዝቶበታል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ። ፎቶ፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የጣሪያው ሁኔታ፣ ማን እንደሠራው የሚነገረው፣ አሁን ማን እንደሚኖርበት። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፤ ተማሪዎች መለኪያና ስልክ ይዘው ይውጡ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይጠየቁ። እነሱ የማያውቁት ቤት የለም፤ ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። የቀበሌ ሠራተኛው ቁልፍና ፋይል ይዞ አብሮ ይዙር። ዝርዝሩ ሲያልቅ ለሕዝብ ይነበብ። "የእኔ ቤት ቅርስ አይደለም" የሚል ይከራከር። "ይህ ተረስቷል" የሚልም ይናገር። ከዚያ ይጽደቅና ለግንባታ ፈቃድ ክፍል ይሰጥ። ሰዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡት፤ ማፍረሻ ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ይግለጡ።

ይህ እስኪሆን ድረስ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የማፍረሻ ፈቃድ ይቁም። ለሕይወት አስጊ የሆነው ብቻ ይለይ። እሱም ቢሆን ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ድንጋዩም ተቆጥሮ በከተማው ግቢ ይቀመጥ። ጥርብ ድንጋይ ቆሻሻ አይደለም። ነገ ሌላውን ቤት እንጠግንበታለን።

መልስ እጠብቃለሁ። ለእኔ በግል መጻፍ አያስፈልግም። በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። መቼ እንደምትጀምሩ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ አንጀምርም ካላችሁም ለምን እንደሆነ ይጻፍበት። አራዳ ስንወርድ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
በአራዳ ሰፈር የሚኖር አንድ ጎንደሬ